በሟቿ እጅ ልክ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ሱቁስ? የማስቲሹ ቆርቆሮ፣ ወስፌዎቹ፣ ያቺ አንድ እግሯ ያጠረ ዱካዬ፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከእርስዎ ቁጣ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ሥራዬ ያው እንደነገርኩዎት ነው። ሽማግሌውን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ክኒናቸውን በሰዓቱ መስጠት። በጉብዝናቸው ዘመን የቦውሊንግ ተጫዋች ነበሩ። ግድግዳው ሁሉ ዋንጫ ስለሆነ እኔ በልቤ ሻምፒዮኑ ነው የምላቸው። የቀጠረችኝ ልጃቸው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች መጀመሪያ የማቀዝቀዣውን ውስጥ፣ ቀጥላ የእኔን ፊት አይታ ትሄዳለች። የቤቱ ስልክ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። እርስዎም ቢሆኑ በስልክ ሰው ፊቱን ደብቆ ይዋሻል ስለሚሉ አይከፋዎትም።

አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ። ጠንካራ ቆዳ ስንሰፋ ውለን ጣቴ ሲላጥ የሚቀቡልኝ ያ ቢጫ ቅባት ከምን ነበር የሚሠራው? ከሰም ጋር የሚያቀልጡት። ቀኝ አውራ ጣቴ ትንሽ ተልጧል። ምንም አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሻምፒዮኑን ለእንቅስቃሴ ስወስዳቸው ኳስ አነሳለሁ፤ ከእሱ ይመስለኛል። አሠራሩን ብቻ ይጻፉልኝ።

ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ዘጠኝ ወር አልቀረውም። ሰኔ ሲያልቅ ውሌም ያልቃል፤ ሐምሌ ላይ ዱካዬ ላይ ነኝ። የስፌት መኪናዋን ለማንም እንዳይሰጡብኝ፣ አደራ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 3

ለድንቢጤ፣

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ እኔም እመልስለታለሁ። ዱካሽ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ሊቀመጥባት ሞክሮ ተዘርግቶ ወደቀ፤ ካንቺ በቀር ጠባይዋን የሚያውቅ የለም።

ቅባቱን አልጽፍልሽም። ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ ቅባት ትጠይቂኛለሽ? ጫማ የላጠው ሰው ቅባት አምጡ ቢል ያምርበታል። ጫማ ሰሪ ግን ጫማውን አውልቀህ አሳየኝ ነው የሚለው። ቁስል የት እንደተሳሳትን ይናገራል፤ አንቺ ደግሞ አፉን በቅባት ልትዘጊው ነው።

ደግሞስ ጣት የሚልጥ ኳስ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ (መነጽሬ ጥገና ገብቶ ነው) ቆም ብሎ «ኳስ በእግር አይደለም እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ምን ዓይነት ኳስ ነው? ስንት ይመዝናል? በየት በኩል ነው የሚያዘው? ከዚያ የሚያምሽን ቦታ በየስሙ ንገሪኝ። «ጣቴን» ብለሽ እንዳትሸፍኚብኝ። ጫፉን ነው? አንጓውን ነው? በውስጥ ነው ወይስ በጀርባ?

ሌላ ደግሞ፣ ወረቀት ላይ እጅሽን አንጥፈሽ በእርሳስ ዙሪያውን ሥለሽ ላኪልኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ከሠራሽ በኋላ ይሁን፤ እግርም እጅም ጠዋት ልኩን አይናገርም። ሰው ሁሉ ውጭ ላለ ዘመዱ ገንዘብ ላኪ እያለ ይጽፋል። እኔ እጅሽን ላኪ ነው የምልሽ፤ ምን ዓይነት ዕድል ነው ያለሽ?

በትልልቁ የጻፍኩት አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 29

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መነጽሩ ከጥገና ወጣ? ደብዳቤዎ አንድ ገጽ ላይ አሥር መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ሻምፒዮኑ ከወንበራቸው ሆነው «ይኼ የልጅ ጽሕፈት ነው?» አሉኝ።

ኳሱ የተወቀረ ድንጋይ ያህል ይከብዳል። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለአውራ ጣት፣ ሁለቱ ለመሃልና ለቀለበት ጣት። በእነሱ አንጠልጥለው አራት እርምጃ ይራመዱና በተወለወለ እንጨት ላይ ያንከባልሉታል። ጫፍ ላይ አሥር ጠርሙስ የሚመስሉ ነገሮች ተደርድረዋል፤ እነሱን መጣል ነው። ይኸው ነው። ዋንጫው ሁሉ ለዚህ ነው።

ሻምፒዮኑ አሁን መጣል አይችሉም፤ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው ያያሉ። የምጥለው እኔ ነኝ። በየቀኑ ስልሳ ጊዜ። እሳቸው ይቆጥራሉ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ አቁሜ አላውቅም። የምጥለውም በሟች ባለቤታቸው ኳስ ነው። ሐምራዊ ነው፣ ስሟ ተቀርጾበታል። ረጅም ሴት ነበረች፤ ኮቷ እስካሁን በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ እኔ ብለብሰው ወለሉን ይጠርጋል። የዚህ ኳስ ቀዳዳ ደግሞ የሚበሳው በአንድ ሰው እጅ ልክ ነው። በሕይወት ሳለች ባልና ሚስቱ እንኳ አይዋዋሱም ነበር አሉ።

በየስሙ ይኸው። የአውራ ጣቴ አንጓ ጀርባው ላይ ጠንክሯል። ቀዳዳው ስለሚሰፋኝ ኳሱ እንዳያመልጠኝ ጣቴን ቆልምሜ ነው የምይዘው። ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ እጄ አንጓ ድረስ ደግሞ እንደ ክር ይወጠርብኛል። የቀለበት ጣቴ ጠዋት ጠዋት ለመታጠፍ ያንገራግራል።

በመጫወቻው አዳራሽ ጥግ ኳስ የሚበሳ ሰውዬ አለ፤ ባለመሰርሰሪያው እንበለው። አንድ ቀን ጠራኝና «አውራ ጣትሽን እስከ ሥሩ አስገቢ። አሁን መዳፍሽን ኳሱ ላይ አንጥፊ፣ ሳትጎትቺ» አለኝ። የሁለቱ ጣቶቼ የመሃል መታጠፊያ የቀዳዳዎቹን አፍ ትንሽ አልፎ መዋል ነበረበት። የእኔ ጭራሽ አልደረሰም፤ አንድ ጣት ያህል ቀረው።

«ይኼ የሌላ ሰው ኳስ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ለሻምፒዮኑ ብነግራቸው ምን አሉኝ መሰለዎት? «እጅሽ ይለምደዋል።»

እጄን ሥዬ ልኬያለሁ። እንዳዘዙት ከጨዋታ በኋላ ነው የሣልኩት። ይኸው እንደሚያዩት ደህና ነው፣ አላበጠም።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 25

ለድንቢጤ፣

ቸር ወሬ ያሰማኝ። እጅሽ በሰላም ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በአራት ሚስማር መታሁት፤ ሰው ሲገባ «ይህ የማን እጅ ነው?» ይለኛል፣ «የባለ ዱካዋ» እላለሁ። ደህና እጅ ነው። ካንቺ አጻጻፍ ጋር ግን አልገጥም አለኝ። እንዲህ የሚያም እጅ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲተኛ አላየሁም።

አንድ ጊዜ፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት፣ አንድ ሰው የአባቱን ጫማ አድርጎ መጣ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆበት «አሁን ልኬ ሆነ፣ ሶሉን ብቻ ቀይርልኝ» አለኝ። አራመድኩት። የጫማው መታጠፊያ ከሱ ጣቶች ፊት ቀድሞ ሄዷል። ቁጥሩ ሞላ እንጂ መታጠፊያው አልገጠመም። ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። በዓመቱ እያነከሰ ተመለሰ፤ ያኔ እንኳ ጫማው የአባቴ ነው እንጂ ሌላ አልልም አለ። ሶሉን ቀየርኩለት፣ ምን ላድርገው?

ያንቺም ነገር ይኼው ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ቀዳዳው ሰፍቷል፣ በቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ርቀት ረዝሟል። ስፋቱን እኔ ከዚሁ ሆኜ አስተካክልልሻለሁ። ከስስ የበግ ቆዳ የአውራ ጣት ልባስ ሰፍቼልሻለሁ፤ ለስላሳው ወደ ሥጋሽ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ። ርቀቱ ግን ደፍኖ እንደገና ከመብሳት በቀር መላ የለውም፤ ሽማግሌውን ለምኚያቸው። ባለመሰርሰሪያው የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ያለስልስልሽ፣ ስለት ሆኖ እንደሆነ እሱም ይቆርጣል። ደግሞ አትጨብጪ። ልክ የሆነ ነገር ሳይጨብጡትም አይወድቅም።

«እጅሽ ይለምደዋል» ላሉሽ ሰውዬ ደግሞ ከኔ ንገሪልኝ። እጅ አይለምድም። ዝም ይላል እንጂ።

አጎትሽ

የካቲት 4

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እስክሪብቶ አልጨበጥ ብሎኝ ነበር። ይችንም በሦስት ቀን ነው የምጽፋት።

የላኩልኝን ልባስ አደረግሁት። አልገባ ብሎ በግድ ገባ። ኳሱን አነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ጣልኩ፣ ደስ አለኝ፣ አልተንሸራተተም። በሦስተኛው ልለቀው ስል ኳሱ እኔን አልለቀቀኝም። ጎትቶ በጉልበቴ ጣለኝና መስመሩ ላይ ተዘረርኩ። አውራ ጣቴ ውስጡ ቀረ። በጎተትኩት ቁጥር ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ይጠብቃል። ተነሥቼ ኳሱን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ልደት የሚያከብሩ ልጆች እየመጡ አዩኝ፤ አንዷማ ኳሱን ዳበሰችልኝ። ሻምፒዮኑ ከኋላዬ «ሦስት! ሦስት ላይ ነን፣ ጣይ እንጂ!» ይላሉ።

ባለመሰርሰሪያው ፈሳሽ ሳሙና ይዞ መጣ። በቀዳዳው ዳር እያንቆረቆረ፣ ኳሱን በቀስታ እያዞረ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። «ጩኺ፣ ግዴለም» አለኝ። አልጮህኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ጣቱ የእኔ አልመስል ብሎኝ ነው። ሳሙናው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም ነበር።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ። የላኩልዎት ግራ እጄን ነው። እርሳስ የሚይዘው ቀኜ ስለሆነ ሳላስበው ግራዬን አንጥፌ ሣልኩ። ከጨረስኩ በኋላ ነው የነቃሁት። እንደገና ልሥል ብዬ ቀኜን ወረቀቱ ላይ አነጠፍኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። እንዲያዩት አልፈለግሁም። ወረቀቱን ገልብጬ፣ በጀርባው ጎልቶ እንዲታይ መስመሩን ደገምኩበትና ቀኝ አስመስዬ ላክሁ። የእርስዎ ልጅ ሆኜ በልክ ዋሸሁ። ይቆጡኝ።

አሁን ግን እውነተኛውን ልኬያለሁ። የሣለው ባለመሰርሰሪያው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ልባሱን ከጣቴ ቀድደን ካወጣነው በኋላ ስፌቱን አየሁት። ጠማማ ነው። መሃል ላይ መርፌው ቆዳውን ስቶ ሁለት ጊዜ አየር ሰፍቷል። እኔ እንደዚያ ብሰፋ አስፈትተው ያስደግሙኝ ነበር። ማን ነው የሰፋው?

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 29

ለእህቴ ልጅ፣

ስፌት ስፌት አትበይኝ። መብራቱ ደክሞ ነበር፣ አለቀ።

ቀኝሽ ደረሰኝ። ባለመሰርሰሪያሽ እርሳሱን ተጭኖ የሚጽፍ ሰው ነው፤ መስመሩ በጣት ይዳሰሳል። ግራውን ከሥር፣ ቀኙን ከላይ አድርጌ ሄድኩበት። አውራ ጣትሽ አንጓው ላይ ስደርስ መንገዱ ጠፋብኝ። ሁለት ቁጥር ይበልጣል። የቀለበት ጣትሽ ቀጥ ብሎ አልተኛም። ይኼን እጅ ነው «ምንም አይደለም» ያልሽኝ? በጥቅምት ቅባት የጠየቅሽኝ ለዚህ ነው?

ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ነገ አይደለም፣ ይኼን አንብበሽ እንደጨረስሽ። ካሁን በኋላም እዚያ ኳስ ውስጥ ጣትሽን እንዳታስገቢ። የስፌት መኪናዋ ቀኝ እጅ ነው የምትፈልገው፤ መዘውሯ በቀኝ ነው፤ ቀኝ ከሌለሽ ምን ይዘሽ ልትቀመጪ ነው? እኔ የምፈልገው ያንን እጅ ነው። እጅሽን ጠብቂልኝ።

ተናድጄ ነው። ደህና ሁኚ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 1

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ ይብዛልኝ። ቁጣዎ ደርሶኛል፣ ናፍቆኝም ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። አሁን የምጽፍልዎን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ፣ መልስ የሚፈልግ ነገር ነው።

መጀመሪያ በአዳራሹ ኳስ ልጣል ብዬ ሞክሬ ነበር። መደርደሪያው ላይ ለማንም የሚሆን ብዙ ኳስ አለ፤ ቀለል ያለ መረጥኩ። ሻምፒዮኑ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ቀንና በማግስቱ ምግብ አፋቸው ውስጥ አልገባም። የቀጠረችኝ ልጃቸው ውሉን ይዛ መጣች። «በየቀኑ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ እሳቸው በፈለጉት መንገድ ማገዝ» ይላል። ፈርሜበታለሁ፣ የእኔ ፊርማ ነው። ካላገዝሽ ውሉን አፍርሰሻል፣ ውል ላፈረሰ ሠራተኛ ደግሞ መልቀቂያ አልጽፍም አለችኝ። ያለ መልቀቂያ እዚህ አገር መውጫ በር የለም።

ሐኪሙ ጣቴን በመርፌ ነካ ነካ እያደረገ «ይሰማሻል?» ይለኛል። የተሰማኝን ብቆጥር ሦስት ነው። አውራ ጣቴ ውስጥ ያለው ነርቭ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ እየተጨፈለቀ ነው አለ። ሁለት ወር ዕረፍት ጻፈልኝ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ። ከዚያ በኋላ በዚያው ኳስ አንድ ወር እንኳ ብጥል ስሜቱ አይመለስም። የቀረኝ ደግሞ ልክ አንድ ወር ነው፣ ሰኔ።

ሻምፒዮኑን ለመንኳቸው፤ ኳሱን አስደፍነው በእኔ ልክ ያስበሱልኝ ብዬ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ጨካኝ ሰው አይደሉም፣ ጋሼ። ጨካኝ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «የሚስቴ ጣቶች ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ለአንድ ወር እንግዳ ብዬ አልደፍናቸውም። የምትቆዪ ከሆነ ግን ይበሳ» አሉኝ።

ልጅየዋ በማግስቱ የሁለት ዓመት ውል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አሁንም በየቀኑ አዳራሹ እንሄዳለን። እሳቸው ኳሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ማንም አይጥልም። ስልሳ ሲሞላ በሚመስላቸው ሰዓት «እንሂድ» ይላሉ።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ሰኔን ሙሉ ኳሱን ጥዬ በሐምሌ የማይሰማ ቀኝ እጅ ይዤልዎ እመጣለሁ። ወይ ፈርሜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደህና እጅ ይዤ እመጣለሁ። የሚሉኝን አደርጋለሁ። እስከ ግንቦት 30 እጠብቃለሁ። እባክዎ፣ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 2

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ በያሉበት ሰላም ይሁኑ። መልስዎ አልመጣም። ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ፖስታ ሰጪው ደጅ ላይ ሲደርስ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ልጅየዋ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ስትለኝ «ፀሐይ» አልኳት።

ፈረምኩ።

እርስዎ ዝም አይሉም ነበር፤ ዝም ካሉ ተቆጥተዋል ማለት ነው፣ ወይም መልሱን በየካቲት ነግረውኛል ማለት ነው። ያን ደብዳቤ አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። መኪናዋ ቀኝ እጅ ነው የምትፈልገው፣ እጅሽን ጠብቂልኝ ይላል። እኔም ጠበቅሁት።

ሻምፒዮኑ ኳሱ ሲደፈን ማየት አለብኝ ብለው ወንበራቸውን እስከ ባለመሰርሰሪያው ጠረጴዛ ድረስ አስገፉኝ። ከመደፈኑ በፊት የራሳቸውን ጣቶች በሦስቱም ቀዳዳ ከተቱና ቆዩ። ከዚያ አወጡና ፊታቸውን አዞሩ። የደነዘዘ ጣቴን ያህል አሳዘኑኝ፤ ደግሞ ጠላኋቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር።

ባለመሰርሰሪያው መጀመሪያ በሙከራ ኳስ አሥር ጊዜ አስጣለኝ፣ እጄ ከሞቀ በኋላ ለካኝ። እርስዎ ከሰዓት በኋላ ይለካ እንደሚሉት። አውራ ጣቴ አሁን እስከ ሥሩ ይገባል፣ ውስጡ ሆኖ ይዞራል፣ የትም አይነካም። የጣቶቼ መታጠፊያ ቀዳዳውን ትንሽ አልፎ ያርፋል። ጠርዙ እንደ ጠጠር ለስልሷል። አልጨብጥም፣ አይወድቅም። ትናንት ስልሳ ጣልኩ። ጋሼ፣ ምንም አላመመኝም። ሲያመኝ ቢያንስ ይኼ የእኔ አይደለም የሚል ነገር በእጄ ላይ ነበረኝ።

ሻምፒዮኑ አጨበጨቡ። ሲያጨበጭቡ የጠሩኝ በባለቤታቸው ስም ነው። ልጅየዋ ሰምታለች። ቤት ስንገባ ከበሩ ጀርባ የሟቿን ኮት አውርዳ ለልብስ ሰፊ ላከችው፤ በእኔ ልክ እንዲያሳጥረው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሉ እጅ ይዤልዎ እመጣለሁ። ዱካዬን ፀጉር አስተካካዩ እንዳይሰብርብኝ።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 8

ለድንቢጤ፣

አጎትሽ እየተናገረ የምጽፈው እኔ ፀጉር አስተካካዩ ነኝ። እሱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ሰርቄ ልጻፍ፤ ውኃ ሊጠጣ ጓዳ ገብቷል። የሚያዝያው ደብዳቤሽ በሱቁ በር ሥር ገብቶ ወለሉ ላይ ብዙ ሳምንት ተኝቷል። እየረገጠው ሲገባ ሲወጣ አላየውም። ትናንት ጫማ ሊያሠራ የገባ ሰው ነው ያነሣው፤ የአጎትሽ ጫማ ዳና አለበት። አጎትሽ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዓይኑ እየሄደ ነው፤ መነጽር ተሰብሮም ተጠግኖም አያውቅም። ያንን የበግ ቆዳ ሲሰፋ ሁለት ጥፍሩን ወግቷል። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። መጣ።

ድንቢጤ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ይኼ ሰውዬ ምን እንደቸከቸከ አላውቅም፣ ብዙ ሲጽፍ ሰምቻለሁ።

ደብዳቤሽን ትናንት ነው ያገኘሁት። ዘግይቻለሁ፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ገና ካልፈረምሽ እንዳትፈርሚ። በየካቲት የጻፍኩት የጅል ነገር ነው። ቀኝ እጅ ነው የምትፈልገው ብዬ ለብረት ወግኜ ጻፍኩልሽ። ዕድሜ ልኬን ሰው ለጫማው አይጠረብም ስል ኖሬ፣ አንቺን ለመኪና ልጠርብሽ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ተጸጽቼ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ብረት ሠሪውን ጠርቼ የመኪናዋን መዘውር ወደ ግራ አስዞርኩት። ሦስት ጊዜ ፈታትተን ሦስት ጊዜ ገጠምን። አሁን በግራ እጅ ትዞራለች፣ ድምፅዋም አልተለወጠም። ግራ እጅሽ ጠረጴዛዬ ላይ ተቸንክሮ የለ? እንኳንም ተሳስተሽ ላክሽው። ገልብጠሽ ስለደገምሽው መስመሩ በሁለቱም በኩል ይዳሰሳል። በሱ ልክ ለመዘውሯ ከእንጨት እጀታ ጠረብኩልሽ፤ ለእያንዳንዱ ጣት ማረፊያ አለው።

ስለዚህ በቀኙም በግራውም፣ በሚሰማውም በማይሰማውም፣ የያዝሽውን ይዘሽ ነይ። ስፌቱ ጠማማ የሆነው ለምን እንደሆነ ስትመጪ ታያለሽ። ቆዳውን እኔ በእጄ እየዳሰስኩ እቆርጣለሁ፣ መስመሩን አንቺ ታያለሽ።

የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ፤ ይኼ ሰውዬ ያነብልኛል። እጀታውን ቫርኒሽ አልቀባሁትም። መጀመሪያ ያዥውና የሚቆጠቁጥሽ ቦታ ካለ እዚያው እፍቀዋለሁ። ሳትሞክሪው አልቀባውም።

አጎትሽ